መፈልፈያው ጋ ያለችው ሴት

ሚዛን ተፈሪ ያደገ ሰው ቡና መልቀም የሴት ሥራ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። እናቴም፣ አክስቶቼም፣ ጎረቤቶቻችንም እሸቱን ይለቅማሉ፣ ያሰጣሉ፣ ያገላብጣሉ፣ ብልሹውን ከደህናው ይለያሉ። መፈልፈያው ጋ ሲደረስ ግን የሚታየው ወንድ ነው። ሚዛኑም ገንዘቡም በእሱ እጅ ነው።

አብሮ አደጌ ይህን ልማድ ለመሻገር ተነሥታለች። የፈለገችው አንድ አነስተኛ የእሸት ቡና መፈልፈያ፣ ጥቂት የማድረቂያ አልጋዎችና አንድ የእርጥበት መለኪያ ነው። ዘመድ ግን «ሞተሩ ሲበላሽ ማን ሊጠግንልሽ?» እያለ ይስቅባታል። (ወንዱ ነጋዴም እኮ የሚጠራው መካኒክ ነው!)

ይልቅ ሥራው የሚከብደው ሌላው ጋ ነው። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል። የተፈለፈለው ከልክ በላይ ገንዳ ውስጥ ከቆየ ይኮመጥጣል። አልጋ ላይ ከወጣ በኋላ ደግሞ እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ እስኪወርድ ደጋግሞ መገላበጥ፣ በቀትር ፀሐይና በሌሊት መሸፈን ይፈልጋል። ዝናብ በማያጣው በእኛ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። እሷ ግን መለኪያ ሳይኖራት ፍሬውን በጥርሷ ነክሳ መድረቅ አለመድረቁን ትናገራለች።

ደግሞም የመጀመሪያዋ አይደለችም። አስናቀች ቶማስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ወደ ትውልድ አገራቸው አማሮ ተመልሰው ቡና ማምረት፣ ማዘጋጀትና ራሳቸው ወደ ውጭ መላክ ጀምረዋል። ወደ እኛ ስንቀርብ፣ የጌሻ ቪሌጅን የቡና እርሻ ከባለቤታቸው ጋር የመሠረቱት ፎቶግራፍ አንሺዋ ራሔል ሳሙኤል ናቸው። የጌሻ ዘር ከእኛው ደን ወጥቶ ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ጨረታ ነበር።

አብሮ አደጌን ያቆማት ዕውቀት ማነስ ሳይሆን መያዣ ነው። የባንኩ ሠራተኛ «ቤት አለሽ?» አላት። ቤቱም የቡና መሬቱም በአባቷ ስም ነው፤ ወንድሞቿም «ለማሽን ብለን አናስይዝም» ብለዋል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ማሽን፣ ከብት፣ ሰብልም ቢሆን። በስልክ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «እስቲ ቁጥሩን ድገሚልኝ፣ ልጻፈው» አለችኝ።

ሰኞ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ተመልሳ ልትሄድ ነው። አንደኛዋ ሁለት የሚታለቡ ላሞች አሏት። ቡናው እስኪቀላ የቀራቸው ሁለት ወር ብቻ ነው።