የጉዞ መመሪያ መጽሐፍና የምዕራብ ደቡብ ወሎ መንገድ

የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ በሀገራችን የንባብ ልማድ ውስጥ ሥር የሰደደ የጽሑፍ ዓይነት አይደለም። የሀገሩ ሰው መንገድ የሚያውቀው በመጠየቅ ነው፤ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የሚመጣ የውጭ እንግዳ ግን ከሻንጣው አያጣውም። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ስለሚያመላልሰኝ፣ እነዚህ መጻሕፍት ስለ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ምን እንደሚሉ ባገኘሁት አጋጣሚ ማገላበጥ ልማዴ ሆኗል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ካነበብሁትና በእግሬ ከሄድሁበት በመነሣት፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በምን እንደሚጠቅምና ጥቅሙ የት ላይ እንደሚያበቃ መመርመር ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የሽርሽር ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን የእኛን የተመራማሪዎችን ሥራ የሚነካ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ጥቅም ግልጽ ነው፤ መጽሐፉ እንግዳው ሊጠይቀው እንኳ የማያስበውን ይነግረዋል። የሰዓታችን ቆጠራ ከፀሐይ መውጣት የሚጀምር መሆኑን ያልተረዳ መንገደኛ «አውቶቡሱ በ12 ሰዓት ይነሣል» ሲባል እኩለ ቀን ላይ መናኸሪያ ይደርሳል፤ መኪናው ግን ከሄደ 6 ሰዓት ሆኖታል። የዓመቱ ወሮች 13 መሆናቸው፣ ዘመናችን ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ዓመት መለየቱ፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀናት በመሆናቸው በብዙ ምግብ ቤቶች የፍስክ ምግብ አለመኖሩ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ መንገድ መዝጋቱ፣ እነዚህ ሁሉ ከመጽሐፉ የመግቢያ ገጾች አይጠፉም። የሀገሩ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለእንግዳ አይነግርም። ንፉግ ስለሆነ አይደለም፤ አብዝቶ የሚያውቀው ነገር መነገር ያለበት ስለማይመስለው ነው። በዚህ ረገድ መጽሐፉ አስተናጋጁ የዘነጋውን ይሞላል።

ሁለተኛው ጥቅም መጽሐፉ ካረጀ በኋላ የሚገኝ ነው። የብሪታንያ የጦር ሚኒስቴር በ1867 እ.ኤ.አ. በመቅደላ የታሰሩትን አውሮጳውያን ለማስለቀቅ ዘመቻ ሲያሰናዳ፣ ቀደም ሲል በሀገሪቱ የተዘዋወሩ መንገደኞች የጻፉትን አሰባስቦ «የአቢሲኒያ መንገዶች» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። መጽሐፉ የተሰናዳው ለጎብኚ ሳይሆን ለሠራዊት ነው። በ1842 እ.ኤ.አ. ወሎን ሲያቋርጥ የተዘረፈው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍም ከ25 ዓመት በኋላ በአስተርጓሚነት ከዘመቻው ጋር ተመልሷል። በሮበርት ናፒየር የሚመራው ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነሥቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው አለፉ። የአንድ ብቸኛ መንገደኛ ማስታወሻ የጦር መንገድ ካርታ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በ1938 እ.ኤ.አ. የጣሊያን የጎብኚዎች ማኅበር በሚላኖ ያሳተመው የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ መመሪያም ከዚህ አይርቅም። ሀገሪቱን በየመንገዱ ከፋፍሎ ርቀትንና ከፍታን እየዘረዘረ ይሄዳል። መጽሐፉ የወጣው አርበኞች በየዱሩ በሚዋጉበት ዘመን ነው፤ ሆኖም አንባቢውን የሚመራው ጸጥ ባለ ግዛት ውስጥ እንደሚያልፍ መንገደኛ አድርጎ ነው። ዛሬ ይህን መጽሐፍ የሚያነብ የታሪክ ተማሪ ሁለት ነገር ያገኛል፤ በአንድ በኩል የዘመኑን የቦታ ስምና የመንገድ ዝርዝር፣ በሌላ በኩል ወራሪው ማየት የፈለገውንና ማየት ያልፈለገውን። እንግዲህ የጉዞ መመሪያ ስለተጓዘበት ሀገር የሚመሰክረውን ያህል ስለተጓዡም ይመሰክራል።

ወሰኑ የሚጀምረውም ከዚሁ ላይ ነው። የመጀመሪያ እትሙ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የፊሊፕ ብሪግስ መጽሐፍና ከእርሱ በኋላ የመጡት መመሪያዎች፣ ሰሜኑን በዋናነት የሚያሳዩት ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን በሚያያይዘው «ታሪካዊው መንገድ» በኩል ነው። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋልና ይህ ምርጫ ያለምክንያት የተደረገ አይደለም። ደሴ ግን በዚህ መንገድ ላይ ያላት ድርሻ በአብዛኛው ወደ ላሊበላ የሚያልፍ ሰው ማደሪያ መሆን ነው፤ ከደሴ ወደ ምዕራብ፣ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ ደግሞ እምብዛም አይነሣም። በዚህ አቅጣጫ ግን የለጋምቦ ደጋ አለ፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚገኙበት የቦረና ሳይንት ፓርክ፣ ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው፣ አለ፤ በአማራ ሳይንት ተድባበ ማርያም አለች፤ ከዓባይ ማዶ በጎጃም በኩል ደግሞ የንግሥት እሌኒ መርጡለ ማርያም አለች። በዞኑ ምሥራቅ በአልብኮ የሚገኘው፣ በመውሊድ በዓሉ የታወቀው ጀማ ንጉሥም ቢሆን በመመሪያዎቹ ውስጥ የሚገባውን ያህል ቦታ ያገኘ አይደለም። መጽሐፍ ያልጠቀሰውን ቦታ እንግዳ አይረግጠውም፤ እንግዳ ያልረገጠው ቦታ የእንግዳ ማረፊያ አይሠራለትም፤ ማረፊያ የሌለውን ቦታ ደግሞ ቀጣዩ መጽሐፍ አይጠቅሰውም። ነገሩ እንዲህ እየተሽከረከረ ይኖራል።

ይህን ስናነብ የውጭ ጎብኚን ብቻ የምንታዘብ ከሆነ ተሳስተናል። ሮበርት ቻምበርስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የገጠር ልማት መጽሐፉ፣ የገጠርን ድህነት ሊያጠኑ የሚሄዱ ባለሙያዎች ራሳቸው እንደ ጎብኚ እንደሚመላለሱ ጽፏል። ከመኪና መንገድ ዳር አይርቁም፤ የሚሄዱትም ዝናብ ካቆመና መንገድ ከደረቀ በኋላ ነው። ስለዚህም ከመንገድ የራቀውን ሰውና ጎተራው የተራቆተበትን ወቅት ሳያዩ ይመለሳሉ። ይህ ትችት ከተጻፈ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የእኛም የመረጃ መሰብሰቢያ ጊዜ ግን አሁንም በአመዛኙ በበጋ ላይ ይውላል።

በጥናት ዕቅዴ ውስጥ ወደ ዓባይ ሸለቆ የምታዘቀዝቅ አንዲት የቆላ ቀበሌ ነበረች። ከመኪና መንገድ ስለምትርቅ በሌላ ብተካት ሥራው እንደሚቀልልኝ ተመክሬ ነበር፤ እኔ ግን በጥርም በነሐሴም ሄድሁባት። በጥር ወር የማሽላው ምርት ገብቶ ስለነበር፣ ካነጋገርኋቸው አባወራዎች መካከል ስለ ችግር አጥብቆ የተናገረ አልነበረም። በነሐሴ ስመለስ ከእነዚያው ቤቶች በአንዱ ያገኘኋት ባለቤቲቱን ብቻ ነው፤ ባሏ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ወርዷል። መጠይቁ ያው፣ ቤቱም ያው፤ መልሱ ግን ሌላ ሆነ። በጥር ብቻ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ሠንጠረዤ የሚመዘግበው ጎተራውን እንጂ መንገደኛውን አባወራ ባልሆነ ነበር።

ወደዚያች ቀበሌ የሚያወርደው መንገድ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ አንድ አዛውንት ጠይቄ ነበር። «ልጄ፣ ጭነት ይዘህ ነው ወይስ ባዶህን? የምትጠይቀኝ መውረጃውን ነው ወይስ መመለሻውን?» አሉኝ። ወንዙ መሙላት አለመሙላቱንም ጨምረው ነገሩኝ። መመሪያ መጽሐፍ ርቀትን በኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ እርሳቸው ግን ርቀትን የሚያውቁት በጭነት፣ በአቀበትና በወቅት ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ከ1500 ሜትር በታች ወደሚገኘው ሸለቆ በሚወርድ ሀገር ውስጥ የእርሳቸው ልኬት ይበልጥ ትክክል ነው። ሁለት ቦታዎች በበጋ ጎረቤት ሆነው በክረምት ባዕድ ሊሆኑ ይችላሉና። «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ የሀገሬው ዕውቀት ከበለጠ መጽሐፉ ለምን ያስፈልጋል? አዛውንቱ የመለሱልኝ ስለጠየቅኋቸው ነው፤ ለሚቀጥለው ተማሪ ግን ይህ መልስ አይደርሰውም፤ እርሱም ከዜሮ ይጀምራል። በየዓመቱ ከቦረና፣ ከለጋምቦና ከሳይንት ወረዳዎች የሚመለሱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በማስታወሻ ደብተራቸው ብዙ ነገር ይዘው ይመጣሉ፤ የገበያ ቀናትን፣ በክረምት የሚዘጉ መሻገሪያዎችን፣ ከቀበሌ ቀበሌ ያለውን የእግር መንገድ በመውረጃና በመውጫ፣ አባወራው ከቤት የሚርቅባቸውን ወሮች። ጽሑፉ ሲጠናቀቅ ከዚህ ሁሉ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚገባው የጥናት ዘዴ በሚለው ምዕራፍ የሰፈረው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ ደብተሩ ይጠፋል።

ስለዚህ የምጠቁመው ቀላል ነገር ነው። እያንዳንዱ ተመራቂ ከጽሑፉ ጋር ስለ ጥናት ሥፍራው 2 ወይም 3 ገጽ የመንገድ ማስታወሻ ቢያስገባና ማስታወሻዎቹ በየዓመቱ ተሰብስበው ቢታረሙ፣ ምዕራብ ደቡብ ወሎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የራሱ መመሪያ ይኖረዋል። የ1867ቱን መጽሐፍ ዕጣ እያስታወስን ምን መጻፍ፣ ምን መተው እንደሚገባ ከነዋሪው ጋር መመካከርም ግዴታችን ነው። መጽሐፉ የትኛውን ቦታ በየትኛው ወር እንዳላየን በግልጽ የሚናገር ከሆነ፣ ተከታዩ ተማሪ በነሐሴ ወደ ቆላው እንዲወርድ ምክንያት ይሆነዋል።