ፋይሉ አለ፤ ተርሚናሉ ግን አያየውም

ሐምሌ 2016 ላይ «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» የተባለው የኦንላይን ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ከወልድያ፣ ከመርሳ፣ ከሐራ የሚጽፉልኝ ወጣቶች በዝተዋል። ደስ ይለኛል። የሚበዛው ጥያቄ ግን ስለ ኮድ አይደለም። «ኮዱ ልክ ነው፤ ፋይሉም ይኸው ኤዲተሩ ላይ ተከፍቶ ይታየኛል፤ ተርሚናሉ ግን እንዲህ የሚባል ፋይልም ሆነ ፎልደር የለም ይለኛል» የሚል ነው። ቀጥሎ የሚመጣውም ያው ነው፦ «በአማርኛ ስለሰየምኩት ነው አሉኝ።» ይህ ምክር ልክ ስላልሆነ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

ኤዲተሩና ተርሚናሉ ፋይልን የሚፈልጉበት መንገድ ይለያያል። ኤዲተሩ ላይ ፋይሉን በማውስ ስትከፍቱት ከድራይቩ ጀምሮ ያለውን ሙሉ አድራሻ ይይዛል። ተርሚናል ግን ሁልጊዜ አንድ ፎልደር ውስጥ ቆሞ ነው የሚሠራው። የፋይሉን ስም ብቻ ከሰጣችሁት ከቆመበት ተነስቶ ይፈልጋል። ከመርሳ ለሚነሳ ሰው ወልድያ በስተሰሜን ናት፤ ከቆቦ ለሚነሳው ደግሞ በስተደቡብ። ስለዚህ መነሻው ካልታወቀ አቅጣጫ መንገር ዋጋ የለውም።

ቪኤስ ኮድ በሚባለው ኤዲተር ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ይኸው ነው። ተማሪው «ሥልጠና» የሚለውን ትልቁን ፎልደር ይከፍታል። የፓይተን ፋይሉና የሚያነበው ሰንጠረዥ ያሉት ግን ውስጥ፣ «ትምህርት3» ውስጥ ነው። ማስኬጃውን ሲጫን ተርሚናሉ የሚነሳው ከ«ሥልጠና» ነው፤ ሰንጠረዡን እዚያ ይፈልጋል፣ ያጣል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ፋይሎች አይተያዩም ብሎ ማን ይጠረጥራል? መፍትሔው ኮዱን መነካካት አይደለም። መጀመሪያ የት እንዳላችሁ ጠይቁ፦ ሊኑክስና ፓወርሼል ላይ ፒደብሊውዲ፣ በአሮጌው የዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት ደግሞ ሲዲ ብቻውን። ቀጥሎ በኤልኤስ ወይም በዲአይአር ያለውን ዘርዝሩ። የፋይላችሁ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ የቆማችሁት ሌላ ቦታ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ዋንድራይቭ ዴስክቶፑን ከወሰደው በዓይናችሁ የምታዩት ዴስክቶፕና ተርሚናሉ በተለመደው አድራሻ የሚያገኘው ይለያያሉ። በዊንዶውስ ውስጥ ኡቡንቱ የጫናችሁም ሲ ድራይቭን የምታገኙት «ኤምኤንቲ» በሚባለው ፎልደር ሥር ነው። ከኤዲተር የተቀዳ የዊንዶውስ አድራሻ እዚያ ሲለጠፍ እንደማይሠራ ዕወቁ።

አሁን ወደ አማርኛው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ.፣ በሦስተኛው ዕትም ነው። ዛሬ ዊንዶውስም ሊኑክስም «ሐራ» የሚባል ፋይል ያለ ችግር ይይዛሉ። ኮማንድ ፕሮምፕቱ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ቢያሳይ እንኳ የጎደለው ፎንት እንጂ ፋይሉ አልተበላሸም። የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው ጊት ደግሞ «ሐራ»ን ‎\341\210\220\341\210\253 ብሎ ሲያሳይ ብዙ ሰው ይደነግጣል። እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ባይት ስለሚቀመጥ ባይቶቹን በቁጥር መጻፉ ነው፤ «ኮትፓዝ» የሚባለውን ማስተካከያ ስታጠፉት ፊደሉ ይመለሳል።

እውነተኛው ችግር ከአጻጻፍ ልማዳችን ይመጣል፤ ትልቁም እዝባር ነው። ት/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ሰ/ወሎ እያልን እናሳጥራለን። ለኮምፒውተር እዝባር የፎልደር መለያ ነው። «የሐብሩ ጤና ጽ/ቤት» ብላችሁ ከኮድ ፋይል ለማስቀመጥ ስትሞክሩ «የሐብሩ ጤና ጽ» የሚባል ፎልደር ይፈልጋል፤ «ቤት» የሚባል ፋይል እዚያ ሊከትላችሁ። ፎልደሩ ስለሌለ «የለም» ይላል። በማውስ ስም ስትሰጡ ዊንዶውስ ወዲያው ስለሚከለክል አታዩትም። የሚገጥማችሁ ከኤክሴል ዝርዝር ላይ ለእያንዳንዱ ት/ቤት አንድ አንድ ፋይል የሚያወጣ ኮድ ስትጽፉ ነው። ሳታሳጥሩ «ትምህርት ቤት» ያላችሁት ያልፋል፣ «ት/ቤት» ያላችሁት ላይ ይቆማል፤ ኮዱ አንዴ ሠርቶ አንዴ እምቢ ያለ ይመስላል። 12/11/2016 ተብሎ የተጻፈ ቀንም እንዲሁ ነው። ስም ከመሥራታችሁ በፊት እዝባሩን በሰረዝ ተኩት።

ክፍት ቦታም አለ። «ሐራ ገበያ» ያለ ትእምርተ ጥቅስ ከተጻፈ ለሊኑክስ ተርሚናል ሁለት ስም ነው። ከማጥፊያ ትእዛዝ ጋር ከሆነ ደግሞ «ሐራ» የሚባል ሌላ ፋይል ካላችሁ እሱ ይጠፋል። ይህን እባካችሁ ቀለል አድርጋችሁ አትዩት።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያደክመው ግን ሞክሼ ፊደል ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ድረስ በታቀደው የባቡር መስመር ምክንያት የሐራ ስም በብዙ ሰነድ ላይ ይነሳል፤ አንዱ ሐራ፣ አንዱ ሀራ፣ ሌላው ሃራ ብሎ ይጽፋታል። አንባቢ አይሳሳትም። ኮምፒውተሩ ግን የመጀመሪያውን ፊደል በ220፣ በ200፣ በ203 በሚያልቁ የተለያዩ ቁጥሮች ነው የሚይዘው፤ ሦስቱም ለእሱ የማይገናኙ ስሞች ናቸው። ሐብሩና ሀብሩ፣ ወልድያና ወልዲያም እንደዚያው። ኤዲተሩ ላይ በማውስ የከፈታችሁትን «ሐብሩ» ተርሚናል ላይ «ሀብሩ» ብላችሁ ብትጠሩት አያገኘውም፤ ዓይናችሁም ልዩነቱን ቶሎ አይይዘውም። ስለዚህ ስም በእጅ አትጻፉ። የመጀመሪያውን ፊደል ከፋይሉ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ታብ ተጫኑ፣ ቀሪውን ራሱ ይሞላል። ወይም ፋይሉን ጎትታችሁ ተርሚናሉ ላይ ጣሉት፤ አብዛኞቹ ተርሚናሎች ሙሉ አድራሻውን ይጽፉላችኋል።

የስም ርዝመትም ገደብ አለው። ሊኑክስ ለአንድ ስም 255 ባይት ነው የሚፈቅደው፤ በእኛ ፊደል 85 ያህል ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ እንደ ደብዳቤ ርእስ ረዝሞ የተሰየመ ፋይል ወደ ኡቡንቱ አልገለበጥ ቢላችሁ መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው «ጉግል አድርገው» የሚለው መልስ እኛ ዘንድ ሁልጊዜ ስለማይሠራ ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተማሪው የሚተማመነው የስህተት መልእክቱን አንብቦ በመረዳት ብቻ ነው።

ሥልጠና የምትሰጡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ከኮድ በፊት ለፋይል አድራሻ ስጡት፤ ተማሪው የሐራን ስም በፊደሉ እንዳይጽፍ አትከልክሉት። በየጽሕፈት ቤቱ መረጃ የምትይዙ ደግሞ የወረዳና የቀበሌ ስሞችን በአንድ አጻጻፍ ተስማሙና ዝርዝሩን ለሁሉም አድሉ። ጥያቄ የምትልኩልኝም ተርሚናሉ የቆመበትን ሙሉ አድራሻና የስህተቱን መልእክት አብራችሁ ላኩ፤ ኮፒ አድርጉት እንጂ መልሳችሁ አትጻፉት።