የሴት አያት ስም ፍለጋ ወደ አቦምሳ

ሰው የአባቶቹን ስም እስከ ሰባት ቤት ቢቆጥር ይመሰገናል፤ የእናቶቹን ስም ቁጠር ቢባል ግን ሦስት ሳይደርስ ምላሱ ይያዛል። ይህ ጉድለት በእኛም ቤት መኖሩን ያወቅነው ልጃችን «የአያታችሁ እናት ማን ይባሉ ነበር?» ብላ በጠየቀችን ጊዜ ነው። መልስ ስላጣን አፈርን። ስለዚህ ቅድመ አያታችን ኖረው ወደ ሞቱባት ወደ አርሲ አገር፥ ወደ አቦምሳ ከልጃችን ጋራ ተነሣን።

ከአዳማ ወጥተን የአዋሽን ወንዝ በድልድይ ላይ በመኪና ተሻገርን። ቅድመ አያታችን ግን ከሸዋ ሠራዊት ጋራ በእግራቸው እንደ ተሻገሩት በቤተ ዘመድ ይተረካል። ንጉሥ ምኒልክ ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አርሲ ሲያዘምቱ ወታደሩ ብቻውን አልሄደም፤ ስንቁን የምትፈጭ፥ እንጀራውን የምትጋግር፥ ውሃ የምትቀዳ ሴት ከኋላው ነበረች። ታሪክ ጸሐፊዎች የመኳንንቱን ስም ጽፈዋል፤ ድስትና ማድጋ የተሸከመችውን ግን በስም የጻፋት የለም።

ሠራዊቱ የገባበትም አገር ባዶ አልነበረም። የአርሲ ኦሮሞ በገዳ ሥርዓት እየተዳደረ፥ ከብቱን እያረባ ይኖርበት ነበር፤ በ1878 ዓ.ም. በአዙሌ በራስ ዳርጌ ሠራዊት ድል እስኪሆን ድረስም ብዙ ደም ፈሰሰ። ወዲያውም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን ሆነ፤ የከብት በሽታ በሬውንም ላሙንም ጨረሰ፤ ተወላጁም መጤውም ተራበ።

አቦምሳ ከአርባ ጉጉ ተራሮች ሥር ያለች የመርቲ ወረዳ ከተማ ናት። በዚያ ዕድሜ የጠገቡ አንዲት የአርሲ እናት አገኘን። በእጃቸው የያዙት ሲንቄ፥ ማለት ሴት ልጅ ስትዳር እናትዋ የምትሰጣት በትር ነበር፤ ሴቶች ይህን በትር ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ሲገቡ ጠቡ ይበርዳል። የመጣንበትን ጉዳይ በነገርናቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው እንዲህ አሉን።

«ልጆቼ፥ የእናንተ ሰዎች መሬታችንን ወስደውብን ነበር። ነገር ግን ሴት በምጥ ስትያዝ የማን ሚስት ናት አይባልም። የአያቴ እናት ሄደው አዋለዷቸው፤ የቤታቸውንም ወተት አጠጧቸው። አያቴ ይህን ሲነግሩኝ ስማቸውን ይጠሩ ነበር።»

ስሙንም ነገሩን። የገዛ ወገኑ የረሳውን ስም፥ መሬቱ የተወሰደበት ጎረቤት ሲጠብቀው ኖረ። ልጃችን በቤተ ሰባችን መዝገብ ላይ ጻፈችው፤ ከሥሩም የአዋላጂቱን ስም ጨመረች።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ እናቶቻችሁና አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። ከወዴት እንደ መጡ ብቻ ሳይሆን፥ በማን መሬት እንደ ተቀመጡና በጭንቅ ቀን ማን እንደ ደረሰላቸው ጭምር አስነግራችሁ ጻፉ። የአንዱን ወገን ብቻ የሚቆጥር የትውልድ መዝገብ ግማሹ ባዶ ነውና።