ከነበረንዳው

ኮንዶሚኒየም ሊያሳየኝ አራተኛ ፎቅ ድረስ ያስወጣኝ ደላላ የኋላውን በር በረገደና «ጋሼ፣ ይኸው ባልኮኒ!» አለኝ። አንድ ሰው ቆሞ ሁለተኛው የሚጨናነቅበት ስፍራ ነው። «በረንዳ ማለትህ ነው?» ብለው ፊቱን አጨማደደ። «በረንዳ የድሮ ቤት ነው ጋሼ። ይሄ ባልኮኒ ነው።» ኪራዩ ላይ የተጨመረብኝ አንድ ሺህ ብር የስሙ ዋጋ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

*

ሰውዬው ግን አልተሳሳተም። እንግሊዝኛው ሁለቱን ይለያቸዋል። ቬራንዳ የቤቱን ግድግዳ ተከትሎ የሚሄድ፣ ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ መቀመጫ ነው። ባልኮኒ ከፎቅ ግድግዳ ወደ አየር ብቅ ያለው ነው፤ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን ሥሩ አግዳሚ እንጨትን ያመለክታል። የኛ በረንዳ ሁለቱንም ጠቅልሎ ይዟል። ሰገነት የሚል ቃል እያለን ለምን ይሄን መረጥን? ሰገነት ላይ ልብስ ማስጣት ያሳፍራል መሰለኝ።

*

እንግሊዞች ቬራንዳን ያመጡት ከሕንድ ነው። ሕንዶቹስ ከማን አገኙት? «ወጣ ያለ» ከሚል የፋርስ ቃል ነው ያሉ ነበሩ። ዩልና በርኔል በ1886 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ሆብሰን-ጆብሰን» በተባለው መዝገበ ቃላት ግን የቫስኮ ዳ ጋማን የ1498 የጉዞ ማስታወሻ ይጠቅሳሉ፤ ጸሐፊው ሕንድ እንደደረሱ ያረፉበትን ስፍራ ሲገልጽ ያለምንም ማብራሪያ «ቫራንዳ» ይላል። ገና መልሕቅ የጣለ ፖርቱጋላዊ የአገሬውን ቃል ከመቼው ተምሮ? ቃሉን ይዞት የመጣው እሱ ነው ማለት ነው። ይሄ ክርክር ይጥመኛል።

*

ቤንጋሎች «ባራንዳ» ይላሉ፤ እንደኛው በ«በ»። ስለዚህ ቃሉን ያገኘነው ከሕንድ አናጢዎች አፍ ነው የሚል ወዳጅ አለኝ። ለምኒልክ ከሠሩት ግንበኞች መካከል እንደ ሐጂ ካዋስ ያሉ ሕንዶች ነበሩ። የራስ ብሩን ቤት፣ የዛሬውን የአዲስ አበባ ሙዚየም፣ በረንዳ ያየ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም። ግን «በ» ብቻዋን ምስክር አትሆንም። የጣሊያኑን ቫልቮላ «ባልቦላ» ያልን ሰዎች ነን።

*

በእንግሊዝኛው ቬራንዳ ላይ ይቀመጡበታል፣ ሻይ ይጠጡበታል። በአማርኛው ይታደርበታል። «በረንዳ አዳሪ» የሚለውን ቃል በቃል ለእንግሊዝ ብንተረጉምለት የአየር ለውጥ የሚወድ ባለጸጋ ይመስለዋል።

ቃሉ ባለቤቱን የቀየረው ሱቅ ደጃፍ ላይ ይመስለኛል። የቪላ በረንዳ አጥር አለው፣ ውሻ አለው። የሱቅ በረንዳ ፊቱን ለመንገድ ሰጥቷል፤ ቀን የሻጭ፣ ማታ የማንም ነው። የአዲስ አበባዎቹ እህል በረንዳ፣ በርበሬ በረንዳ፣ ጎጃም በረንዳ፤ በነዚህ ሰፈሮች ሁሉ እግሩን አጣምሮ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ።

አንድ ማምሻ መርካቶ ታክሲ ስጠብቅ ባለሱቁ የብረት መዝጊያውን ጎትቶ አወረደ፣ ቁልፎቹንም ሦስት ጊዜ ነቀነቀ። ገና ጥግ ሳይታጠፍ አንድ ልጅ ከቦዩ ጎን ከቆመው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር የተጠቀለለ ካርቶን ይዞ መጣ። አንዱን አነጠፈ፣ አንዱን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አቆመ፣ ማዳበሪያውን ተከናነበ። የቆመው ካርቶን ላይ የትልቅ ቴሌቪዥን ሥዕል አለ። ጠዋት ዘበኛው ውሃ ይደፋበታል። ለጽዳት ነው ይላሉ።

*

ደጅ የወለደው ቃል በረንዳ አዳሪን ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛ «ፎሪን» የሚለውን ቃል ያገኘው ከላቲን ነው፤ ሥሩ «ከደጅ» ማለት ነው። እኛ ከዚሁ ደጅ ደጃዝማችንም ደጅ ጠኚንም አወጣን፤ ሹሙንም ሹመት ፈላጊውንም አንድ በር ላይ።

*

ቤቱን ተከራየሁት። በታቼ ያሉት ጎረቤት በረንዳቸውን በላሜራ ዘግተው ለአንድ ተማሪ አከራይተውታል። ፍራሽ ይገባል፤ በሩ ሲከፈት ግን ፍራሹ መታጠፍ አለበት። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «የማን ቤት ነህ?» አልኩት።

«ያው፣ በረንዳ አዳሪ ነኝ ጋሼ» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ስልኩ ጠራ። እናቱ ነበሩ። «አዎ እማዬ፣ ክፍሉ ጥሩ ነው» እያለ ወረደ፣ «መስኮትም አለው።»