ዳቦውን ከመተውህ በፊት

እኛ የካዛንቺስ ልጆች ነን፤ ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ አብረን የተመላለስን። ሰፈራችን ለኮሪደር ልማት ፈርሶ ቤተሰቦቻችን ቢበታተኑም በረመዷን አንድ ቤት ተሰብስበን እናፈጥራለን። ዘንድሮ ከመካከላችን አንዱ ሳምቡሳ ሲበላ ፊቱ ይጨማደዳል። ሆዱ ይነፋል፣ ተቅማጡ አይቆምም፣ ደሙም አንሷል። ስንት ጊዜ የአሜባና የጃርዲያ መድኃኒት እንደዋጠ ራሱም አያስታውስም።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም «ሴሊያክ ሊሆን ይችላል» አሉት። እቤት ሲናገር ሁሉም «በቃ፣ ዳቦ ተው!» አለው። ሐኪሟ ግን ምርመራው ሳያልቅ እንዳይተው አስጠንቅቀውታል። ምክንያቱን ስናጣራ እንዲህ ሆኖ አገኘነው። ሴሊያክ በስንዴ፣ በገብስና በአጃ መሰሉ ራይ ውስጥ ያለው ግሉተን ሲገባ የሰውነት መከላከያ የራሱን ትንሹን አንጀት የሚያጠቃበት በሽታ ነው። የደም ምርመራው የሚፈልገው በዚህ ጥቃት ጊዜ የሚመረተውን አንቲቦዲ ነው። ግሉተን ከቆመ አንቲቦዲው ይወርዳል፣ አንጀቱም ማገገም ይጀምራል፤ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። ሞተር አጥፍቶ ንዝረት እንደመለካት ነው።

መጀመሪያ የሚታዘዘው ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝን የሚያጠቃው የአይ ጂ ኤ አንቲቦዲ ነው። አብሮ ጠቅላላው አይ ጂ ኤ ይለካል፤ በተፈጥሮ አይ ጂ ኤ የሌላቸው ሰዎች ስላሉ፣ በእነሱ ላይ ምርመራው ይዋሻል። ቀጥሎ ኢንዶስኮፒ ነው፤ ጉዳቱ ቦታ ቦታ ስለሚሆን ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ቢያንስ 4 ቁራጭ ይወሰዳል። በ2020 የወጣው የአውሮፓ የሕፃናት መመሪያ አንቲቦዲው ከመደበኛው ጣሪያ 10 እጥፍ ሲደርስና በሌላ የደም ናሙና ሲረጋገጥ ልጆችን ከኢንዶስኮፒ ነፃ ያደርጋል። የዘር ምርመራም አለ፤ ዲኪው 2 እና ዲኪው 8 ሁለቱም ከሌሉ ሴሊያክ የለም ማለት ይቻላል። መኖራቸው ግን ብዙም አይነግርም፤ ብዙ ጤነኛ ሰው ይዟቸው ይኖራል።

አንድ ምርመራ ለምን አይበቃም? እንደ ኢንጂነሪንግ ተማሪ አስሉት። ከ1000 ሰው 5ቱ ታመሙ እንበል፤ ምርመራው በሁለቱም በኩል 95 በመቶ ትክክል ይሁን። 5ቱን ከሞላ ጎደል ያገኛል፣ ግን 50 ያህል ጤነኞችንም «ታማሚ» ይላል። ባዮፕሲ ብቻውንም አይበቃም፤ ጃርዲያም የአንጀትን ሽፋን ሊያበላሽ ይችላል፤ በእኛ አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

«ጤፍ የሚበላ አይነካውም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ጤፍ ግሉተን የለውም። ግን እንጀራው ስንቴ ገብስ ይቀላቀልበታል? ቂንጬው፣ በሶው፣ የኢፍጧሩ ሾርባስ? አዳማ ውስጥ በጤና ጣቢያ የተመረመሩ ሕፃናት ላይ የበሽታው ምልክት አንቲቦዲ ተገኝቷል። በምዕራብ ሰሃራ ሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድማ ከ100 ሕፃናት ከ5 በላይ ተገኝቶባቸዋል፤ በዓለም ከተመዘገቡት ከፍተኛ አኃዞች አንዱ ነው።

የጓደኛችን የደም ውጤት ከፍ ብሎ መጥቷል። የኢንዶስኮፒውን ክፍያ እያዋጣን ነው፤ ቀጠሮው ሸዋል ላይ ነው። እስከዚያ ሱሑር ላይ አንድ ዳቦ ይሰጠዋል፣ እያማረረ ይበላል።