ባለ ጎማዋ ጀልባ

በሰመር ቅዳሜ ማለዳ ሜሪላንድ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አናፖሊስ የሚነዳ ሰው፣ ከፒክአፕ ኋላ ምሰሶዋን አስተኝታ የምትሳብ ጀልባ ማየቱ አይቀርም። ነጂው ስለ ንፋሱ እያሰበ ይሆናል። የእኔ ዓይን ግን የሚሄደው ወደ ተሳቢው ጎማ ነው። በመኪና የምትጎተት ባለ ሸራ ጀልባን ለሁለት ቀን ሽርሽር ማሰናዳት የሚጀምረው ከኩሽኔታ ነው። የጀልባ ዕቃ መደብር ገብቶ የሚያብረቀርቅ ናስ ለሚያማርጥ ሰው ይህ አይጥመውም፤ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው።

ተሳቢው አንድ ሰዓት አስፋልት ላይ ሲሮጥ የጎማው እምብርት ይግላል። የጀልባ ማውረጃው ላይ ደርሶ ወዲያው ባሕር ውስጥ ሲነከር ውስጡ ያለው አየር ድንገት ቀዝቅዞ ይኮማተርና ጨዋማውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ግራሶው ይበላሻል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ የሚቀጥለው ወር ላይ ጎማው ጭስ እያወጣ መንገድ ዳር ያስቆማል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ከመንከር በፊት ጥቂት ማብረድ፣ ግራሶውን በየጊዜው ማደስ፣ ስኮርታ ጎማ መያዝ። ክሪክም አይረሳ፤ የመኪናው ክሪክ ለተሳቢው ላይሆን ይችላልና ቤት እያሉ መሞከር ነው።

ከእነዚህ ጀልባዎች ብዙ ጊዜ የማያት ካታሊና 22 ናት። ፍራንክ በትለር ካሊፎርኒያ ውስጥ የነደፋት ስትሆን ከእ.ኤ.አ. 1969 ጀምሮ ከ15,000 በላይ ተሠርተዋል። ርዝመቷ 6.5 ሜትር ያህል፣ ክብደቷ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ወርዷ 2.3 ሜትር ነው፤ አውራ ጎዳናው ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፈው ደግሞ እስከ 2.6 ሜትር። የጀልባዋን ወርድ የወሰነው ባሕሩ ብቻ ሳይሆን መንገዱም ነው ማለት ነው። የጣና ታንኳ ባለቤት ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ታንኳዋን ከውሃ አውጥቶ ዳር ላይ አቁሞ ያደርቃታል፣ በቃ።

ብዙዎቹ ካታሊናዎች ከሆዳቸው ሥር በዊንች ወጥቶ የሚወርድ ከባድ ብረት አላቸው። ሲወርድ አንድ ሜትር ተኩል ውሃ ይፈልጋል፣ ሲወጣ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ይበቃል። አናፖሊስ ያለችበት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ቢረዝምም አማካይ ጥልቀቱ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ትልልቆቹ ጀልባዎች በሩቅ የሚያዩት ጥግ ውስጥ ትንሿ ሰተት ብላ ትገባለች። ብረቱን የያዘው የሽቦ ገመድ ንፋስ ሲጠነክርና ፍጥነት ሲጨምር ያንጎራጉራል። ባለቤቶቹ ድምፁን ለማጥፋት የማያደርጉት ነገር የለም። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ፍጥነት መለኪያ ከመግዛት ያድናል።

ምሰሶው ማውረጃው አጠገብ በሰው እጅ ነው የሚቆመው። ከማቆም በፊት ቀና ብሎ የኤሌክትሪክ ሽቦ መኖር አለመኖሩን ማየት ከሁሉ ይቀድማል፤ አልሙኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከዚያ ምሰሶውን ከግራና ከቀኝ የሚወጥሩት ሽቦዎች በፒን ይታሰራሉ፤ ፒኑ እንዳይወጣ የምታግደው ደግሞ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የሽቦ ቀለበት ናት። ሰባት ሜትር ተኩል የሚሆነው ምሰሶ በእሷ ላይ ነው ያለው። ሣር ውስጥ ከወደቀች ደግሞ አትገኝም። አንድ እፍኝ መለዋወጫ ኪስ ውስጥ መያዝ ነው።

መልህቅ ላይ መቆጠብ አልወድም። ሪቻርድ ዳንፎርዝ የፈለሰፈው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር አውራጅ ጀልባዎች የተጠቀሙበት ጠፍጣፋ መልህቅ ለቼሳፒክ ጭቃ ይስማማል፤ ክብደቱም ቀላል ነው። ሰው የሚሳሳተው ገመዱ ላይ ነው። ልኩ የሚቆጠረው ከውሃው ገጽ ሳይሆን ከጀልባዋ አፍንጫ ነው። ውሃው ሁለት ሜትር፣ አፍንጫዋ ከውሃው በላይ አንድ ሜትር ቢሆን ድምሩ ሦስት ነው፤ እንደ ደንቡ በሰባት ሲባዛ 21 ሜትር ገመድ። ባሕረ ሰላጤው በሰመር ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ነጎድጓድ ያዘወትራል፤ የገመድ እጥረት የሚታወቀው ያኔ ነው።

የጓደኛዬ እናት ጀልባዋን ጎንበስ ብለው ሲያዩ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ልጄ፣ ቡናው የቱ ጋ ነው የሚፈላው?»

ከጥያቄ ሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። በጉዞ ጀልባዎች ላይ ምድጃው እንዳይገለበጥ ጀልባዋ ስታዘነብል እየተወዛወዘ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ማንጠልጠያ ይሠሩለታል፤ ለጀበና ማቶት እንደሚደረግለት መሆኑ ነው። በዚህች ጠባብ ጓዳ ግን ማቶትም አያድንም፤ ጀበናው ቤት ይቅር፣ ቡናውም እዚያው ተቆልቶና ተፈጭቶ ይምጣ። ከሰል በፍጹም አይገባም፤ በተዘጋ ቦታ የማይታይ የማይሸት መርዝ ይተፋል። የሞተሩ ቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ የጀልባዋ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ዕጣኑም ይቅር። ትንሽ ቡታጋዝ፣ መልህቅ ከተጣለ በኋላ፣ ውጭ፣ ዓይን ሳይነቀል።

ስንቅ ላይ ግን የኛን ሰው የሚበልጠው የለም። የጀልባ መጽሔቶች በረዶ ሳይዙ ምን መብላት እንደሚቻል ብዙ ይጽፋሉ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ አያውቁም። እንጀራው በዚያ ወበቅ ቶሎ ስለሚሻግት ድርቆሽ ይሻላል። ከበሶ ጋር ችግሩ ውሃ ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ቢያዝ አራት ኪሎ ነው፤ ዝቅ ብሎ፣ መሀል ላይ ይቀመጥ። ሸርጣን አጥማጆች ውሃው ላይ የበተኗቸው ተንሳፋፊ ምልክቶች ገመዳቸው መሪው ላይ እንዳይጠመጠም መጠበቅም አለ፤ ሸርጣን የማይበላ ሰው በሸርጣን ገመድ መያዙ ያናድዳል።

ሮበርት ማንሪ የተባለ የክሊቭላንድ ጋዜጣ አራሚ እ.ኤ.አ. በ1965 ቲንከርቤል በተባለች አራት ሜትር በምትሆን ጀልባ ከማሳቹሴትስ ተነስቶ በ78 ቀን እንግሊዝ ገብቷል። ማዕበል ከአንድ ጊዜ በላይ ከጀልባዋ ጠርጎ ጥሎታል። የመለሰው ከጀልባዋ ጋር ያሰረው ገመድ ነበር። የሜሪላንድ ሕግ ከ21 ጫማ በታች በሆነ የመዝናኛ ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በጉዞ ላይ የሕይወት አድን ጃኬት እንዲለብስ ያስገድዳል። ካታሊና 22 በግማሽ ጫማ ከዚህ ታመልጣለች። ባሕሩ ግን ሜትር ይዞ አይለካምና አባትየውም ይልበስ።

ቀሪው ዕቃ ሁሉ ሊቆይ ይችላል። አንባቢዬ ጀልባ ከገዙ መደብር ከመሄድዎ በፊት እዚያው ቤትዎ ደጅ፣ ተሳቢው ላይ እንዳለች፣ ጎማዋን በሽብልቅ አግደው አንድ ሌሊት ይደሩባት። በጨለማ እጅዎ ፈልጎ ያጣውን ጠዋት ይጻፉ፤ የሚገዛው እሱ ብቻ ነው።