ንብረቱ ይከፋፈላል፤ ሰውስ?

«ተለያይተን ብንገላገልስ?» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ ከቦሌ አየር ማረፊያ ወደ ቤት ሲወስደኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። የፖለቲካ ሰውም አይደለም፤ ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ባድመን ከወሬ ብቻ የሚያውቅ ወጣት ነው። ጎንደር የነበረውን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛውን ሠርግ በመንገዱ ስጋት ሳይሄድ እንደቀረ ሲያጫውተኝ ነው ጥያቄውን ያመጣው። «ሁሉም የየራሱን ይዞ ይሂድ ጋሼ፤ ቢያንስ መገዳደሉ ይቆማል» ብሎ ስለ መኪናው ጎማ ዋጋ ቀጠለ።

እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ከዚያ በኋላ በአገሬ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት ያቺን ጥያቄ እያመነዠኩ ነው። አደይን ስለማያውቅ ነው አልኩ በሆዴ።

የካዛንቺስ ሰው ከሆናችሁ አደይ የምትሏቸው ጎረቤት አላጣችሁም። የኛዋ አደይ ከከረን የመጡት በንጉሡ ዘመን፣ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ጊዜ ነው። ባላቸውን የቀበረው የሰፈሩ እድር ነው። ልጃቸው ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ ተምሯል። ቡናው በዙር ነበር፤ ጠዋት እኛ ቤት፣ ከሰዓት እሳቸው ቤት። የፋሲካ ሕምባሻቸው ለእናቴ ሳይላክ አይቆረስም ነበር። እናቴን ሌሊት ምጥ ሲይዛት እህቴን በእጃቸው የተቀበሏት አደይ ናቸው። ተለያይተን እንገላገል የሚለኝ ልጅ የእናቱ እትብት በማን እጅ እንደተቆረጠ የነገረው የለም።

በሚያዝያ 1985 የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ አዲስ አበባም ድምፅ ይሰጥ ነበር። አደይ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄደው መረጡ። ከመቶ 99.8 የሆነው መራጭ ነጻነትን መረጠ። ሲመለሱ እናቴ ቡና አፍልታ ጠበቀቻቸው። ብሩ ያው ብር፣ ቤቱም ያው ቤት፣ እድሩም ያው እድር ነበርና በዚያ ቀን ከካዛንቺስ የሚያስወጣ ነገር ተፈጸመ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ግንቦት 1990 ባድመ ላይ ጦርነት ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ሰው ከየቤቱ ይወሰድ ጀመር። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ያ የ1985 ድምፅ ነበር፤ የመረጠ ሰው ዜግነቱን ቀይሯል ተባለ። መጀመሪያ ልጁ ተወሰደ፤ ካዛንቺስ የተወለደ፣ አስመራን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ። ከዚያ አደይ ራሳቸው ውክልና ፈርመው፣ ቁልፋቸውን ለእናቴ ሰጥተው፣ በአውቶቡስ በቡሬ በኩል ወደ አሰብ ሄዱ። በጦርነቱ ዘመን ከኢትዮጵያ እንዲህ የወጣው ሰው 75 ሺህ ገደማ ይገመታል። ከዚያኛው ወገንም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ከአሰብና ከአስመራ የኖሩበትን ጥለው መጥተዋል።

ሕገ መንግሥቱ ያኔ ሥራ ላይ ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1987 ከጸደቀ ገና አራት ዓመት አልሞላውም። አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይገፈፍ ይናገራል። አደይ በአውቶቡሱ መስኮት እጃቸውን ሲያውለበልቡ ያ አንቀጽ በወረቀቱ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ እናቴ የአደይን የእድር ወርኀዊ መዋጮ ለዓመታት ከፍላለች። «ሲመለሱ ወድቆ እንዳያገኙት» ትል ነበር። እኔ አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ ሥራዬ ስልክ ማገናኘት ሆነ። ያኔ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ አይደወልም ነበር፤ መስመሩ ተዘግቶ ነበር። ከሜሪላንድ ግን ወደ ሁለቱም ይደወላል። እናቴ ለእኔ ትነግረኛለች፣ እኔ ለአደይ። አንዳንድ ቀን ሁለት ስልክ ይዤ የአንዱን ማዳመጫ ከሌላው መናገሪያ ጋር አፍ ለአፍ ገጥሜ እይዛለሁ፤ እነሱ በሩቅ፣ በሚያስተጋባ ድምፅ ስለ ጉልበታቸው ሕመምና ስለ በርበሬ ያወራሉ። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ እንዲህ ያደረገ ሰው ብዙ ነው። ዓመታት ያሳለፍነው የሁለት መንግሥታት የተቋረጠ ሽቦ ምትክ ሆነን ነው። በዚያ ሥራዬ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ሐምሌ 2010 መስመሩ ተከፈተ። ሰዉ ወደማያውቀው የአስመራ ቁጥር እየደወለ «እንደምን ናችሁ» ሲል የሰማችሁ ታስታውሳላችሁ። እናቴም ያለ እኔ ደወለች። መስከረም 1 ቀን 2011 የዛላምበሳና የቡሬ በር ሲከፈት አደይ በመኪና ሊመጡ ተዘጋጁ፤ ሳይነሡ የየብሱ በር እንደገና በወራት ውስጥ ተዘጋ። ከዚያ ጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት መጣ፣ የኤርትራ ጦርም ገባበት። እናቴ በዚያው ዓመት አረፈች። ቀብሯን ያየሁት ሜሪላንድ ተቀምጬ በስልክ ነው፤ ይህ የሚከብደኝን ያህል የሚከብደኝ ነገር የለም።

በዚህ ጉዞዬ ከእህቴ ጋር ወደ ካዛንቺስ ወረድን። ሰፈሩ በ2017 ፈርሶ አብዛኛው ጎረቤት ገላን ጉራ ገብቷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ያምራል፣ ማታ መብራቱ ልብ ያሞቃል፤ ለማያውቀው ሰው «ይህ የኔ ከተማ ነው» ብዬ ባሳየው ደስ ይለኛል። የአደይ ቤት የነበረበትን ግን እህቴም እኔም በእርግጠኝነት ማሳየት አልቻልንም። እዚህ ነው ስል እዚያ ነው ትለኛለች።

ማታ ማታ የእህቴን ልጅ ጥያቄ ይዤ ሕገ መንግሥቱን አነበብኩ። ሁላችንም አንቀጽ 39ን ጠቅሰን እንጣላለን፤ እስከ ታች የምናነበው ግን ጥቂቶች ነን። ንዑስ አንቀጽ 4 መገንጠል እንዴት እንደሚፈጸም በአምስት ነጥብ ይዘረዝራል። የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፣ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፣ አብላጫው ይደግፈዋል፣ ሥልጣን ይተላለፋል፣ ንብረት በሕግ ይከፋፈላል። አለቀ። በዚያን ማግስት በማዶው ስለሚገኘው ሰው አንድ ቃል የለም። አደይ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም።

ይህን ለቀድሞ የኮሌጅ ጓደኛዬ ሐዋሳ ሄጄ አነበብኩለት። ሲዳማ ነው፣ መምህር ነው፤ ኅዳር 10 ቀን 2012 ሌሊት ተነሥቶ ተሰልፎ ለክልልነት ድምፁን ሰጥቷል። «አንተ አንቀጽ 39 ስትል አራተኛዋን ታያለህ» አለኝ። «እኔ የማየው ሁለተኛዋን ነው። እናቴ በመሬት ክርክር ዳኛ ፊት ቆማ ያለ አስተርጓሚ በሲዳምኛ የተናገረችው በሷ ነው። ያን ቀን ከችሎት ስትወጣ አረማመዷ ሌላ ነበር።» ንዑስ አንቀጽ 2 በቋንቋ የመናገር፣ የመጻፍ፣ ባህልን የማሳደግ መብት ነው። አንቀጹን ከነሥሩ እንንቀለው የሚሉ፣ በውጭም በብዛት ያሉ ወገኖቼ፣ ይህችን ሴት ፊት ለፊት አይተው ይናገሩ። እኔ አልችልም።

ጓደኛዬ ግን እዚያ ላይ አላቆመም። በሰኔ 2010 በዚያችው ሐዋሳ የወላይታ ተወላጆች ሲጠቁ የሱም ጎረቤቶች ሸሽተዋል። «ቡና አብረን የምንጠጣ ሰዎች ነበሩ» አለ። ይኸው አደይ ሐዋሳም አሉ ማለት ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝም አሉ፤ የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሎ ሌሎቹን በነዋሪነት ብቻ ያነሣል። ወልቃይት ላይ፣ ራያ ላይ የሆነውን ለመናገር እንኳ ከንፈር ይከብዳል፤ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው ግን በአንድ አገር ውስጥ ባለ የክልል ወሰን ነው። ወሰኑ የአገር ድንበር፣ የክልሉ ታጣቂ መደበኛ ጦር ቢሆን መገዳደሉ ይቆማል የሚል ሰው ባድመን ያስታውስ። ደቡብ ሱዳንም በሐምሌ 2003 ከመቶ 98.8 ድምፅ ይዛ ወጣች፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ እርስ በርሷ ተዋጋች፣ ስደተኞቿን ጋምቤላ ተቀበለች።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ነው። መሻሻል እንዳለበትስ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክራል፤ አንቀጽ 47 የሚዘረዝራቸው ክልሎች ዘጠኝ ናቸው፣ ዛሬ ያሉት 12። ለእኔ የሚቀድመው ስለ ሰው የሚደነግግ አንቀጽ ነው። ክልል ቢከፈል ቢጣመር፣ ተገንጥሎ አገር ቢሆንም እንኳ፣ በዚያን ቀን ቤቱ ያለ ሰው በቤቱ ይኖራል፤ ዜግነቱን ራሱ ይመርጣል፣ ለመምረጥም ዓመታት ይሰጡታል፤ በሰጠው ድምፅ አይከሰስም፣ ንብረቱ አይነካም።

አንቀጽ 33 አደይን ካላዳነ ይህ ምን ያድናል ትሉኛላችሁ። ትክክል ናችሁ፤ አደይ የሚሄዱበት ዳኛ አልነበራቸውም። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ከብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወክለው የሚገቡ ፖለቲከኞች ስብስብ። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤው ያጣራል እንጂ አይፈርድም። አውቶቡስ ላይ ልትሳፈር ያለች አሮጊት ጠበቃዋን ልካ በዚያው ቀን እግድ የምታወጣበት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ያስፈልገናል፤ ዳኞቹ የማንም ብሔር ወኪሎች ያልሆኑበት።

የሰውን መብት የያዘው ምዕራፍ ሦስት ነው። እሱን ለመንካት አንቀጽ 105 የሁሉንም ክልል ምክር ቤቶች አብላጫ ድምፅ፣ ከሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። ከባድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ አንድ ክልል ብቻውን ሊያስቀረው ይችላል። አገራዊ ምክክር ተብሎ የተሰበሰበው አጀንዳ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህ ስለ ሰው የምለው አንቀጽ ግን ባንዲራን ወይም መዲናን እንደሚመለከተው ጥያቄ ጎራ አይለይም። ለ12ቱም ምክር ቤቶች በተመሳሳይ ቃል ይቅረብ፣ ድምፁም በግልጽ ይሰጥ። ሰው ከቤቱ አይወጣም ለሚለው ሐሳብ እጁን የማያነሣው ምክር ቤት የትኛው እንደሆነ እንወቅ።